የቆጥ ወለል እንዳይጎብጥ፦ እንጨቱን በወርድ ማስፋት ወይስ ከፍታውን መጨመር?

ባለ ሱቁ

ሰላም ለሁላችሁ። በሱቄ ውስጥ ዕቃ የማስቀምጥበት፣ አንዳንድ ጊዜም ሠራተኛዬ የሚያርፍበት ቆጥ ላሠራ ነው። ሱቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ሜትር ነው፤ መሐል ላይ ምሰሶ የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም፤ ደንበኛ የሚቆምበት ቦታ ይጠፋብኛል። አናጺው 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ እንጨት በየ60 ሴንቲ ሜትሩ እየደረደረ፣ በላዩ ላይ ጣውላ ሊመታበት አስቧል።

የተከራከርነው በአቀማመጡ ነው። እርሱ እንጨቱን አጋድሞ፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትሩን ጎን ወለል አድርጎ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ምክንያቱ ከቆጡ ሥር ያለው ቁመት እንዳያንስ ነው፤ በዚህ እኔም አልጠላሁትም፤ ሱቁ ዝቅተኛ ነው። ከጎበጠ ደግሞ «ከጎኑ ሌላ እንጨት እንጨምርበታለን» ይላል። እኔን ያሳሰበኝ የጎረቤቴ ቆጥ ነው። መሐሉ ወርዶ ከሥሩ ሲታይ ጀልባ ይመስላል፤ ሰው ሲሄድበትም ይወዛወዛል። እንጨት ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ።

ብየዳ ቤት

ወንድሜ፣ እንጨቱን ተወው። 80 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) አድርግበት፤ ብረት ብረት ነው፤ ምስጥ አይበላው፣ አይጎብጥም። ቦታም ይቆጥብልሃል፤ ከፍታው 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

መሐንዲሷ

ባለ ሱቁ ወንድሜ፣ እንጨቱን አጋድመህ አታስቀምጥ። ይህን በመጀመሪያ ልበልና ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ፤ አናጺህም ቁጥሩን ቢያይ የሚስማማ ይመስለኛል።

አንድ አግዳሚ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስኑት ነገሮች አራት ናቸው፦ የተጫነበት ክብደት፣ በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት፣ የቁሱ ግትርነትና የአግዳሚው ወርድና ከፍታ። ጭነቱ በርዝመቱ ላይ እኩል ሲሰራጭ መሐሉ የሚወርደው፦

5 × በአንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጭነት × ርቀት⁴ ÷ (384 × የቁሱ ግትርነት × ኢነርሺያ)

ኢነርሺያ የምንለው የቅርጹን ድርሻ ነው። አራት ማዕዘን ለሆነ እንጨት ወርድ × ከፍታ³ ÷ 12 ይሆናል። ወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቆጠር ከፍታው ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ያንተ ጥያቄ መልስ ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያች ትንሽ 3 ላይ ነው።

5 በ15ቱን አጋድመው፦ 15 × 5³ ÷ 12 = 156 ሴንቲ ሜትር⁴።
ያንኑ እንጨት በጠርዙ አቁመው፦ 5 × 15³ ÷ 12 = 1,406 ሴንቲ ሜትር⁴።

አንድ ሳንቲም ሳታወጣ፣ እንጨቱን በማዞር ብቻ ግትርነቱን 9 እጥፍ አደረግከው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሱቅህ ላምጣው። ወለሉን፣ ጣውላውንና ዕቃውን ጨምሮ በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ልውሰድ። እንጨቶቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ስለሚቀመጡ እያንዳንዱ በአንድ ሜትር ርዝመት 120 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። የእንጨቱን ግትርነት 10 ጊጋ ፓስካል (የቁስ ግትርነት የሚለካበት አሃድ ነው) ብለን ብንነሳ፣ በጠርዙ የቆመው 28 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። የተጋደመው በስሌት 25 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ መጉበጥ ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት 38 ሜጋ ፓስካል ያህል ስለሚሆን ለግንባታ በሚውል ተራ እንጨት ላይ የማንፈቅደው ነው። ሰው የሚተኛበት ቆጥ ነው ብለሃልና ይህን አቅልለህ አትየው።

ይሁን እንጂ የቆመውም ቢሆን አይበቃህም። ለእንዲህ ያለ ወለል በልማድ የምንጠቀመው ገደብ ከርቀቱ አንድ 300ኛ ነው፤ ለ4 ሜትር 13 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። አንተ ግን 28 ላይ ነህ።

ከዚህ በኋላ አናጺህ ያለው መንገድና ሌላ መንገድ ይነጻጸሩ። ከጎኑ ሌላ 5 በ15 ብትጨምርበት ወርዱ 10 ይሆናል፤ እንጨትህ እጥፍ፣ ወጪህ እጥፍ፣ መጉበጡ በግማሽ ቀንሶ 14 ሚሊ ሜትር። በምትኩ አንዱን 5 በ20 ብታደርገው እንጨቱ የሚጨምረው በሲሶ ብቻ ሲሆን መጉበጡ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሲሶ ተጨማሪ እንጨት፣ በእጥፍ እንጨት ከሚገኘው የበለጠ ውጤት አገኘህ። ከፍታ ላይ የምታወጣው ገንዘብ የሚመለስልህ እንደዚህ ነው።

ባለ ሱቁ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማዞሩ ብቻ 9 እጥፍ ያደርገዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እንጨቱ ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። ለምንድን ነው ከፍታው ይህን ያህል የሚያደላው?

የሲቪል ተማሪ

ይህን እኔ ልሞክረው፤ መሐንዲሷ ካጎደልኩ ይሙሉልኝ።

አግዳሚ ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። በመሐል የማይጨመቅም የማይለጠጥም መስመር አለ፤ ገለልተኛ መስመር እንለዋለን። ከዚያ መስመር አጠገብ ያለው እንጨት ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል፤ እምብዛም አይለጠጥምና እምብዛም አይታገልም። ዳር ያለው ግን ብዙ ይለጠጣል፣ ብዙም ይታገላል። ስለዚህ አንድን የእንጨት ንጣፍ ከመሐሉ በእጥፍ ብናርቀው በመጀመሪያ በእጥፍ ይለጠጣል፤ ሁለተኛ፣ የሚታገልበት የክንድ ርዝመት በእጥፍ ይጨምራል። ሁለቱ ሲባዙ 4 ሆኑ። በዚያ ላይ ከፍታው እጥፍ የሆነ እንጨት የንጣፎቹም ብዛት እጥፍ ነው። 4 ሲባዛ በ2፣ 8። ሦስቱ ከፍታዎች የመጡት ከዚህ ነው።

በእጅ ለመሞከር የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ጫፍና ጫፉን ይዘው በጠፍጣፋው ቢጫኑት ይጎብጣል፤ በጠርዙ አቁመው ቢጫኑት ንቅንቅ አይልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው ሥራው በጠርዙ የቆመ ዘንግ ከተጋደመው የበለጠ ጭነት እንደሚቋቋም፣ ብልጫውም የወርዱና የውፍረቱ ንጽጽር ያህል እንደሆነ ጽፏል። እርሱ የተናገረው ስለ መሰበር ነው፤ ለ5 በ15 እንጨት 3 እጥፍ ማለት ነው። የመጉበጡ ጉዳይ በሒሳብ ሊቃውንቱ በኦይለርና በበርኑሊዎች ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ነው የጠራው፤ እዚያ ንጽጽሩ ራሱ በራሱ ተባዝቶ 9 ይሆናል።

መሐንዲሷ

ጥሩ አድርገህ አስረድተኸዋል። አንድ ነገር ብቻ ላስምርበት፦ መሰበርና መጉበጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጥንካሬ ከፍታን ሁለት ጊዜ ያባዛል፣ ግትርነት ሦስት ጊዜ። «አይሰበርም» ያለህ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ ወለልህ ጀልባ ሊሆን ይችላል። የጎረቤትህ ቆጥ እስካሁን አልተሰበረም፤ የጎበጠው ግን ለዚህ ነው።

ብየዳ ቤት

ስሌቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ለእንጨት ነው የምትሠሩት። የብረት ግትርነት 200 ጊጋ ፓስካል ነው ትላላችሁ፤ ከእንጨቱ 20 እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ 80 በ40 ቱቦላሬ እንዴት ከእንጨት ያንሳል?

መሐንዲሷ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን አብረን እንየው። ቁሱ 20 እጥፍ ግትር ነው፤ ልክ ነህ። ቅርጹ ግን በጣም ትንሽ ነው። 80 በ40 ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ 80ው ቆሞ፣ ኢነርሺያው 39 ሴንቲ ሜትር⁴ ያህል ነው። እንጨቱ 1,406 ነበር። ግትርነትና ኢነርሺያ ሲባዙ ብረቱ ከቆመው 5 በ15 እንጨት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ፣ 55 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። በዚሁ ጭነትና በዚሁ ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። ተጋድሞ ከተበየደ ደግሞ ያ በሦስት ይባዛል።

ብረት አይሆንም አላልኩም። ከሚሸጡት መካከል የትኛውን መጠን እንደምትመርጥ ግን ይህ ሕግ ይነግርሃል። ሁለት ምርጫ ልስጥህ፦

ውፍረቱን ከ2 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብታሳድገው (80 በ40 በ3) ብረቱ በ47 በመቶ ይጨምራል፤ ግትርነቱ ግን በ43 በመቶ ብቻ።

ውፍረቱን 2 ላይ ትተህ መጠኑን 100 በ50 ብታደርገው ብረቱ የሚጨምረው በ26 በመቶ ነው፤ ግትርነቱ ግን እጥፍ ይሆናል።

ብረት በኪሎ ነው የሚገዛው። ደንበኞችህ «ወፍራሙን ስጠን» ሲሉህ ይህን ብትነግራቸው ገንዘባቸውን ታተርፍላቸዋለህ። ለዚህ ቆጥ 100 በ50 በ3 ብንወስድ እንኳ 18 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል፤ ገደቡን አያሟላም። ወይ አግዳሚዎቹን ማቀራረብ ነው፣ ወይ ከፍታ መጨመር።

ብየዳ ቤት

ገባኝ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ውፍረቱን ነበር የማስበልጠው። ለነገ የያዝኩት የበረንዳ ጣሪያ አለ፤ መጠኑን እንደገና አየዋለሁ።

አናጺ ነኝ

ልጆቼ፣ የምትሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በእጃችን የምናውቀውን በቁጥር አያችሁት። እኔም ከሙያው የምጨምረው አለኝ።

አንደኛ፣ ከፍታ ጥሩ ነው ብላችሁ ቀጭንና ረጅም አድርጋችሁ እንዳታቆሙ። ከፍታው ከወርዱ 4 እጥፍ የሆነ እንጨት በጎኑ ካልተያዘ ሲጫን ይጠማዘዛል፣ ይወድቃልም። በሁለቱ ጫፎችና በመሐል በእንጨቶቹ መካከል ቁራጭ እንጨት አጥብቃችሁ አስገቡ፤ ጣውላውንም በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ በምስማር ምቱት። ቁራጮቹ አንዱ የተጫነበት እንጨት ለጎረቤቱም እንዲያካፍል ያደርጋሉ፤ ውዝዋዜውም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ። ይህን ሳልናገር አላልፍም። እንጨቱ ሳይደርቅ ተጭኖበት ከደረቀ በጎበጠበት ይቀራል፤ ጭነቱን ብታነሱለትም አይመለስም። ከመሰንጠቂያ እንደወጣ የሚሸጥላችሁን ጥላ ሥር ከፍ አድርጋችሁ፣ በመሐሉ ነፋስ እንዲገባ ቁራጭ እያስገባችሁ ደርድሩትና አድርቁት። ለዚህ ጊዜ የለንም የሚል ሰው ነው ዓመት ሳይሞላው አናጺውን የሚረግመው።

ሦስተኛ፣ ግንድ ገዝታችሁ የምታሰነጥቁ ከሆነ እኩል አራት ማዕዘን አታውጡ። በግንዱ ጫፍ ላይ ክብ ሥሩ፤ በዚያው ሳትለውጡ፣ የክቡን ግማሽ ስፋት በገመድ እየለካችሁ ዙሪያውን ምልክት ብታደርጉ ስድስት ነጥብ ይወጣላችኋል። ከስድስቱ ሁለት ተቃራኒ ነጥቦችን ትታችሁ በቀሩት አራት ነጥቦች የሚወጣው እንጨት ለመጉበጥ ከሁሉ የበለጠ አስቸጋሪው ነው። ከመምህሬ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ምክንያቱን ተማሪዎቹ ይንገሩን።

የሲቪል ተማሪ

ጋሼ፣ የነገሩን በሒሳብ ይረጋገጣል፤ ሠርቼ አየሁት። ከክብ ግንድ ውስጥ ወርድ × ከፍታ³ ትልቁን ዋጋ የሚይዘው ከፍታው የወርዱ 1.73 እጥፍ ሲሆን ነው፤ ወርዱም ልክ የክቡ ግማሽ ስፋት ይሆናል። በገመድ ያወጡት ይኸው ነው። ዳያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግንድ 10 በ17.3 ይወጣል፤ ኢነርሺያው 4,330። እኩል አራት ማዕዘን ቢወጣ 14.1 በ14.1 ሆኖ 3,333 ነበር። ግትርነቱ 30 በመቶ ብልጫ አለው፤ እንጨቱ ደግሞ ያነሰ ነው፤ ስለዚህም ቀላል ነው። ለጥንካሬ ብቻ ቢሆን ከፍታው የወርዱ 1.41 እጥፍ ነው የሚሻለው፤ ለመጉበጥ ግን የእርስዎ ይበልጣል።

አናጺ ነኝ

ተባረክ ልጄ። ላልተሰነጠቀ አጣናም አንድ ነገር ጨምርልኝ፤ ብዙ ሰው በአጣና ነው የሚሠራው።

የሲቪል ተማሪ

ለክብ እንጨት ዳያሜትሩ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ወርዱም ከፍታውም እርሱ ስለሆነ። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጣና 491 ሴንቲ ሜትር⁴፣ 12 የሆነው 1,018፣ 14 የሆነው 1,886 ነው። ከ10 ወደ 12 መሄድ ለዓይን ኢምንት ይመስላል፤ ግትርነቱን ግን እጥፍ ያደርገዋል። 14ቱ አጣና ከቆመው 5 በ15 ይበልጣል። አጣና አንዱ ጫፉ ስለሚቀጥን ግን የሚለካው መሐሉ ላይ ነው፤ ሲደረደርም ወፍራሙ ጫፍ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ እየተደረገ ይሁን።

ጠያቂ ከጀሞ

በውይይቱ መሐል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ጋ 5 በ7.5 የሆኑ ብዙ እንጨቶች አሉ። ሁለቱን ደራርቤ 5 በ15 ባደርጋቸው እኩል ይሆናሉ?

መሐንዲሷ

ዝም ብለህ ከደረደርካቸው አይሆኑም፤ ሩብ ብቻ ነው የምታገኘው። እያንዳንዳቸው 176 ሴንቲ ሜትር⁴ ስለሆኑ ሁለቱ 352 ይሆናሉ፤ የአንድ ወጥ እንጨት 1,406 ነበር። ሲጎብጡ የላይኛው የታችኛው ፊት በታችኛው ላይ ይንሸራተታል፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ይጎብጣሉ። መንሸራተቱን ከከለከልክ፣ በጥሩ የእንጨት ኮላና ኮላው እስኪደርቅ ጠብቆ በሚይዝ ብሎን፣ ወደ ወጡ ይጠጋል። በምስማር ብቻ ከሆነ በከፊል ነው፤ ምስማር በእንጨቱ ውስጥ ይፈናቀላል።

መንሸራተቱ የሚበረታው ጫፎቹ አካባቢ ነው። መሐሉ ላይ ብቻ አጥብቆ ማሰር ትርፉ ድካም ነው፤ ማያያዣውን ወደ ጫፎቹ አብዛው።

ጂ ፕላስ ዋን እየሠራሁ ነኝ

ጉዳዬ የአርማታ ነው፤ ሕጉ አንድ ይመስለኛል። የመሬት ወለሉ ጣሪያ ላይ ያለው ቢም በዲዛይኑ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከሥሩ መስኮት ከፍ ብሎ እንዲገባ ስለፈለግኩ ፎርማኑ «40 እናድርገውና ፌሮ እንጨምርበት» አለኝ። ካሳ ፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) እየተመታ ነው። ልፍቀድለት?

መሐንዲሷ

አትፍቀድለት። ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ እስኪያየው ካሳ ፎርማውን አስቁም፤ የአንድ ቀን መዘግየት ከሚያስከትለው ሁሉ ይረክሳል።

ምክንያቱን ልንገርህ። 50 ለ40 ሲካፈል 1.25 ነው፤ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.95። መጉበጡ እጥፍ ሊሆን ነው ማለት ነው። ፌሮ መጨመር የጠፋውን ጥንካሬ ሊመልስ ይችል ይሆናል፤ ግትርነቱን ግን በዚያው ልክ አይመልስም። አርማታ ሲጫን ታችኛው ፊቱ በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚታገለው የላይኛው ሲሚንቶና የታችኛው ብረት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲያንስ ፌሮው ቢበዛም ክንዱ አጥሯል። በዚያ ላይ አርማታ በረጅም ጊዜ ጭነት እየጎበጠ ይሄዳል። ካሳ ፎርማው በተነሳ ቀን የምታየው መጉበጥ በዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ ብሎኬት ግድግዳ ካለ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሰዎችም ግንበኛውን ይወቅሳሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የኮንክሪት መስፈርት ለቢም አጠቃላይ መጉበጥ የርቀቱን አንድ 250ኛ፣ ከላዩ የሚሰነጠቅ ግድግዳ ካለ ደግሞ አንድ 500ኛ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው።

መስኮቱ የግድ ከፍ ማለት ካለበት ከመሐንዲሱ ጋር ሌላ መላ ይኖራል። ቢሙን ከሶሌታው (ከወለሉ አርማታ) በላይ ከፍ አድርጎ መሥራት አንዱ ነው፤ ርቀቱን የሚያሳጥር ኮለን መጨመር ሌላው ነው። ከፍታ መቁረጥ ግን የመጨረሻው ይሁን።

ጂ ፕላስ ዋን እየሠራሁ ነኝ

አመሰግናለሁ እህቴ። ሥራውን አስቁሜ መሐንዲሱን ደውዬለታለሁ። ከላዩ ግድግዳ እንዳለበት ፎርማኑም አላሰበውም ነበር።

ባለ ሱቁ

ወደ እኔ ቆጥ ልመለስ። 5 በ20 የሚሆን እንጨት በአካባቢዬ ሲገኝ ውድ ነው። ቁመቱም ያሳስበኛል። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ በግራና በቀኝ ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው የዕቃ መደርደሪያዎች አሉኝ። የመደርደሪያዎቹን የፊት ቋሚዎች ጠንካራ አድርጌ ቆጡን በእነርሱ ላይ ባሳርፈው ርቀቱ 3 ሜትር አይሆንም? መሐሉም አይነካም።

መሐንዲሷ

ይህ ከሁላችንም ምክር ይበልጣል። እስካሁን ስለ ከፍታ ነበር ያወራነው፤ ከፍታው ሦስት ጊዜ ይባዛል፣ ርቀት ግን አራት ጊዜ። ከ4 ሜትር ወደ 3 ሜትር ሲወርድ መጉበጡ ከሲሶ በታች ይሆናል። ያው 5 በ15፣ በጠርዙ ቆሞ፣ 28 የነበረው 9 ሚሊ ሜትር ነው የሚጎብጠው። ይህም ከርቀቱ አንድ 333ኛ ያህል ነው፤ ገደቡን ያሟላል፤ ከርቀቱ አንጻር 5 በ20 በ4 ሜትር ላይ ከሚሰጥህ ጋር እኩል ነው። ውዱን እንጨት መግዛት አያስፈልግህም።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የመደርደሪያው ቋሚዎች የቆጡን ክብደት ሁሉ ወደ መሬት ስለሚያወርዱ ጠንካራ ወለል ላይ ይቁሙ፤ በየ1 ሜትሩ ቢሆኑ በላያቸው የሚሄደው ረጅሙ እንጨት ብዙ አይጎብጥም። አግዳሚዎቹ ቋሚዎቹን አልፈው እስከ ግድግዳው ስለሚሄዱ መሐሉ ሲጫን የግድግዳው ጫፋቸው ወደ ላይ ሊነሳ ይሻል፤ ግድግዳው ላይ በደንብ ይታሰር። አግዳሚውን በድጋፉ ላይ ለማስተካከል ብለህ ከሥሩ አትቦርቡረው፤ ከፍታውን ቆረጥክ ማለት ነው፤ መሰንጠቁም ከዚያ ይጀምራል። የመብራት ሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳ ካስፈለገ ትንሽ አድርገህ በከፍታው መሐል ብሳው፤ ተማሪው እንዳለው እዚያ ያለው እንጨት ሥራ ፈት ነው።

ስለ ቁመቱ፣ ከሥሩ ኮርኒስ አትምታበት። ጭንቅላትህ በአግዳሚዎቹ መካከል ያልፋል፤ ከተጋደመው እንጨት ጋር ስታነጻጽረው የምታጣው ከአግዳሚዎቹ ሥር ስትቆም ብቻ ነው።

ደግሞ ጭነቱ። 200 ኪሎ ግራም ያልኩት ለልብስ፣ ለቀላል ካርቶንና ለአንድ ሰው ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የተደረደረ የምግብ ዘይት ወይም ወረቀት በካሬ ሜትር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡም እጥፍ ነው። ከባዱን መደርደሪያው በላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ አድርገው። ሳይነሳ ለዓመታት የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ደረቅ እንጨት እንኳ በጊዜ ብዛት መጉበጡን በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 9 የነበረው 14 ይሆናል። ጋሼ ያሉት እርጥብ እንጨት ከሆነ ከዚህም ይብሳል፤ በአውሮፓ የእንጨት መስፈርት አቆጣጠር በአጠቃላይ 2.6 እጥፍ ይደርሳል፣ 23 ሚሊ ሜትር።

ባለ ሱቁ

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግትርነቱን 10 ጊጋ ፓስካል ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። እኔ የምገዛው እንጨት እንደዚያ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መሐንዲሷ

እዚያው እንጨት ተራ ላይ ልትለካው ትችላለህ። እንጨቱን 4 ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመህ አኑረው፤ ለዚህ ብቻ ነው መጋደሙ የሚጠቅመን፤ መጉበጡ በዓይን እንዲታይ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ክር ወጥረህ መሐሉ ላይ ያለውን ርቀት ለካ። ከዚያ 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ መሐሉ ላይ አስቀምጥና እንደገና ለካ። ልዩነቱ 42 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግትርነቱ 10 ነው። 35 ከሆነ 12 ነው፤ ውሰደው። 60 ከሆነ 7 ብቻ ነው፤ ያ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ጉድለት አለበት፤ ለነጋዴው መልስለት። ወርዱና ውፍረቱ በትክክል 5 በ15 መሆኑንም በሜትር አረጋግጥ። «5» ተብሎ የሚሸጠው እንጨት 4.5 ሆኖ ከተገኘ፣ በተጋደመበት ሙከራ መጉበጡ በ37 በመቶ ይጨምራልና ጥፋቱ የእንጨቱ ጥራት ሊመስልህ ይችላል።

ባለ ሱቁ

ከረጢቱ ሰፊ ነው፤ ተጋድሞ ከሚይዘው ቦታ የተነሳ ልኬቱን አያበላሽም?

መሐንዲሷ

ትንሽ ይቀንሰዋል፤ በ4 ሜትር ላይ ግን የሚያሳስብ አይደለም። ከፈለግክ ከረጢቱን በገመድ አስረህ ከመሐሉ አንጠልጥለው።

አናጺ ነኝ

ከእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሙከራውን ስታደርግ በጠባቡ ጠርዝ በኩል እንደ ቀስት ትንሽ ወደ ውጭ የጎበጠውን ጎን እይና በኖራ ምልክት አድርግበት። ስታቆመውም ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ሲጫን ይስተካከላል።